ባትሪ ሲደክም የሚያሳውቅ ሰርኪዩት በኮምፓራተር መሥራት

አዳማ ላይ መብራት ሲጠፋ በ12 ቮልት ባትሪ የሚያመሽ ቤትና ሱቅ ጥቂት አይደለም፤ ይሁን እንጂ የሊድ አሲድ ባትሪ ተሟጥጦ እስኪያልቅ ድረስ በተደጋጋሚ ከተሠራበት ዕድሜው ያጥራል። ስለዚህ የቮልቴጅ ኮምፓራተርን ጠባይ ለመማር ለሚፈልግ ሰው፣ ባትሪው ሲደክም ቀይ ኤልኢዲ የሚያበራ ሰርኪዩት መሥራት ከሁሉ የሚሻል መለማመጃ ነው ብዬ አምናለሁ።

ኮምፓራተር በሁለት ግቤቶቹ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ያነጻጽራል። የፖዘቲቩ ግቤት ከኔጌቲቩ በጥቂት ሚሊቮልት እንኳ ቢበልጥ ውጤቱ ከፍ ይላል፣ ቢያንስ ደግሞ ዝቅ ይላል። በሰፊው የሚሠራበት ኤልኤም393 ባለ ስምንት እግር ቺፕ ሲሆን ሁለት ኮምፓራተሮችን ይዟል። ለአንደኛው እግር 3 ፖዘቲቭ ግቤት፣ እግር 2 ኔጌቲቭ ግቤት፣ እግር 1 ውጤት ነው፤ ኃይል የሚያገኘው በእግር 8 ሲሆን እግር 4 ከባትሪው ኔጌቲቭ ጋር ይያያዛል።

በመጀመሪያ ከባትሪው ፖዘቲቭ በ1 ኪሎኦም ሬዚስተር በኩል ባለ 5.1 ቮልት ዜነር ዳዮድ (ቮልቴጅን በአንድ መጠን የሚያጸና ዳዮድ) ያገናኙና የዜነሩን ቮልቴጅ ለእግር 2 ይስጡ። ቀጥሎ 13 ኪሎኦምና 10 ኪሎኦም ሬዚስተሮችን ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ ኔጌቲቩ በተከታታይ አያይዘው፣ 13ቱን ከላይ በማድረግ፣ መገናኛቸውን ወደ እግር 3 ይውሰዱ። ኤልኢዲውን ከ3.3 ኪሎኦም ጋር ከፖዘቲቩ ወደ እግር 1 ያድርጉ። ሥራ ላይ የማይውሉትን እግር 5ንና 6ን ከኔጌቲቩ ጋር ያገናኙ።

ብዙ ጀማሪ የሚሰናከለው እግር 1 ላይ ነው። ውስጡ ያለው ትራንዚስተር ውጤቱን ወደ ዜሮ መሳብ ብቻ እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችልም። አንድ ተማሪ መልቲሜትሩ በእግር 1 ላይ ትርጉም የሌለው ንባብ ሲያሳየው «ቺፑ ተቃጥሏል» ብሎ ጥሎት፣ እኔ አንስቼ ከእግር 1 ወደ እግር 8 አንድ 10 ኪሎኦም ሬዚስተር ብቻ ስጨምርበት ንባቡ ወዲያው 12 ቮልት ሆነ። ይህን ሬዚስተር እርስዎም አይርሱ።

እስካሁን የተሠራው ሰርኪዩት ባትሪው 11.7 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ይቀየራል፤ ነገር ግን ጭነት ሲጨመርና ሲነሳ የባትሪው ቮልቴጅ ስለሚወርድና ስለሚወጣ ኤልኢዲው እዚያ ድንበር ላይ ይንቀጠቀጣል። መድኃኒቱ ከእግር 1 ወደ እግር 3 የሚገባ 220 ኪሎኦም ሬዚስተር ነው። ውጤቱ ራሱ ግቤቱን በጥቂቱ ስለሚያንቀሳቅሰው ድንበሩ ለሁለት ይከፈላል፦ ኤልኢዲው 11.4 ቮልት አካባቢ ይበራል፣ የሚጠፋው ግን ቮልቴጁ ተመልሶ 12 አካባቢ ሲደርስ ነው።

ለሙከራ የሚስተካከል የኃይል ምንጭ ተጠቅመው ከ13 ቮልት ቀስ እያሉ ይቀንሱ፤ የበራበትን ከጻፉ በኋላ መልሰው ከፍ እያደረጉ የጠፋበትን ይጻፉ። ዜነሩ እስከ 5 በመቶ ሊሳሳት ስለሚችል ድንበሩ በግማሽ ቮልት ያህል ቢዛነፍ አይደንግጡ። የላይኛውን 13 ኪሎኦም በተከታታይ በተያያዙ የ10 ኪሎኦም ሬዚስተርና የ5 ኪሎኦም ፖቴንሺዮሜትር (የሚስተካከል ሬዚስተር) ተክተው፣ ኤልኢዲው ዘግይቶ ከበራ ሬዚስታንሱን ይጨምሩ፣ ቀድሞ ከበራ ይቀንሱ፤ በትክክል 11.4 ላይ ሲበራ የፖቴንሺዮሜትሩን ብሎን በቀለም ጠብታ ያሽጉት።