ነፋስ በበዛበት ባሕር ዳር ጅራታም ኮከብ ፎቶ ማንሳት

ባሕር ዳር ስል ከተማዋን ማለቴ አይደለም። የምኖረው ኦክላንድ ነው። የሄድኩት ደግሞ ካሊፎርኒያ ጠረፍ ላይ፣ ፒጅን ፖይንት የሚባል የመርከብ መብራት ማማ ያለበት ቦታ ነው። ጊዜው ጥቅምት 2017 ነበር፤ ቹቺንሻን-አትላስ የተባለው ጅራታም ኮከብ በምዕራብ በኩል በዓይን የሚታይበት ሰሞን።

የመጀመሪያው ምሽት ፎቶዬ በሙሉ ገደል ገባ። ኮከቡ ሁለት ጭንቅላት አወጣ። ጥፋቱ የካሜራው ማንጠልጠያ ነበር። ነፋሱ እያርገበገበው ካሜራውን ያንቀጠቅጠዋል። እኔ ደግሞ ብልህ ነኝ ብዬ በጋቢዬ ልከልልለት ስል ጋቢው ሸራ ሆኖ አረፈው።

በማግስቱ፣ ጥቅምት 4፣ እንዲህ አደረግኩ። ማንጠልጠያውን ፈታሁት። የትራይፖዱን (የካሜራው ባለሦስት እግር ማቆሚያ) እግሮች ሳላስረዝም በሰፊው ከፈትኩ፤ የመሃሉን ዘንግ ጭራሽ አልነካሁትም። ቦርሳዬን ከሥሩ አንጠልጥዬ መሬት እንዲነካ አደረግኩ። አየር ላይ ከተንጠለጠለ እንደ ደወል ይወዛወዛል። ከዚያ መኪናውን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል አቁሜ ከጀርባው ቁጢጥ አልኩ። ሞተሩ ይጥፋ፣ በሩም አይከፈት።

ፎከስ በእጅ ነው። ያን ሰሞን ቬነስ ምዕራብ ላይ ቦግ ብላ ነበር (እናቴ ንጋት ላይ ስትወጣ አጥቢያ ኮከብ የምትላት)። ስክሪኑ ላይ አጉልታችሁ እንደ መርፌ ጫፍ እስክትቀጥን አስተካክሉ። ጅራታሙ ከእሷ በስተቀኝ፣ ከፍ ብሎ ነበር። ፀሐይ ከጠለቀች ከ45 ደቂቃ በኋላ መፈለግ ጀምሩ፤ ብዙ ከዘገያችሁ ባሕሩ ይውጠዋል።

በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ኮከቦቹ መስመር ሳይሆኑ እስከ 10 ሰከንድ ብርሃን ማስገባት ይቻላል ይባላል። ነፋስ ካለ እርሱት። እኔ 3 ሰከንድ፣ ኤፍ 2 (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት)፣ አይኤስኦ 1600 (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ተጠቀምኩ። ጨረቃዋ ልትሞላ 3 ቀን ስለቀራት ሰማዩ ብሩህ ነበር፤ ብዙ ሰከንድ አይፈልግም ነበር። የ2 ሰከንድ ታይመር ሙሉ፤ የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፉ። ነፋሱ ትንፋሽ ሲወስድ ጆሯችሁ ይነግራችኋል፤ ያኔ ተጫኑ። ከ60 ፎቶ 7 ተረፈልኝ፤ ለእኔ ብዙ ነው።

ሌንሱ ላይ የደረቀ ጨው በጨርቅ እንዳትፈትጉ፣ ይጭረዋል። መጀመሪያ በአየር መንፊያ አራግፉት፣ ቀጥሎ እርጥብ በሆነ ለስላሳ ጨርቅ። የትራይፖዱን እግር በንጹህ ውሃ እጠቡት። እኔ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አጠብኩት። ባለቤቴ እስካሁን አሸዋ ባገኘች ቁጥር ትጠራኛለች።