የጠመቃ እርሾን ቤት ውስጥ አሳድጎ ማቆየት

ቢራ ተብላልቶ ሲያልቅ ከዕቃው ሥር የሚቀረው አተላ በእርሾ የተሞላ ነው። ብዙ ጠማቂም ከዚያው ቀድቶ ለሚቀጥለው ያስቀምጣል። ይሠራል፤ ግን አተላው ውስጥ የሆፕ (ለቢራ ምሬት የሚሰጠው አበባ) ቅሪት፣ የረጋ ፕሮቲንና የሞተ እርሾም አብሮ አለ። በሕይወት ያለውም ቢሆን አልኮል ውስጥ ሰንብቶ የደከመ ነው። የሚሻለው ከጠመቃው በፊት እርሾውን ከሚያስፈልገው በላይ አሳድጎ ትርፉን ገና ንጹሕና ጉልበታም ሳለ ማስቀመጥ ነው።

ለ20 ሊትር ቢራ 2 ሊትር ማሳደጊያ፣ ማለትም እርሾው የሚራባበት ፈሳሽ፣ ያዘጋጁ። 200 ግራም የደረቀ ማልት ኤክስትራክት (ከብቅል የሚወጣ ዱቄት) በ2 ሊትር ውኃ በጥብጠው 15 ደቂቃ ያፍሉት። ገንፍሎ ምድጃውን እንዳያበላሽ ሰፊ ድስት ይጠቀሙ። በማልቱ ፋንታ ስኳር አይሆንም፤ እርሾ ለመራባት የሚፈልገው ናይትሮጅን ስኳር ውስጥ የለም። ድስቱን ከነክዳኑ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክረው ከ25 ዲግሪ በታች ሲወርድ በጸዳ ጠርሙስ ገልብጠው እርሾውን ይጨምሩ። ጠርሙሱ ቢያንስ ሦስት ሊትር የሚይዝ ይሁን፤ አረፋው ቦታ ይፈልጋል።

አፉን በአልሙኒየም ፎይል ላላ አድርገው ይሸፍኑት እንጂ አይክደኑት። ጋዙ መውጫ፣ አየሩም መግቢያ ያስፈልገዋል። እርሾ የሴሉን ሽፋን የሚሠራበትን ስብ ለማምረት ኦክስጅን ስለሚሻ፣ በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር ጠርሙሱን ወዝወዝ ያድርጉት። መጀመሪያ ላይ በርጋታ፤ የታመቀው ጋዝ በአንድ ጊዜ ከወጣ ማሳደጊያው በአፉ ይገነፍላል። ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ባለ ክፍል ከ24 እስከ 36 ሰዓት ይበቃዋል። አረፋ አላየሁም ብለው አይጣሉት፤ ሌሊት መጥቶ ሊሄድ ይችላል። ፈሳሹ ወተት የገባበት ሻይ መስሎ ከደፈረሰ፣ ሲያቆሙትም ከሥሩ ነጣ ያለ ዝቃጭ ከተኛ አድጓል።

አሁን በደንብ በጥብጠው 500 ሚሊ ሊትሩን ወደ ተቀቀለ የብርጭቆ ዕቃ ይቅዱ፤ የቀረው ለጠመቃው ነው። ከላይ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይተዉ። መብላላቱ ገና ያላለቀ ሊሆን ስለሚችል ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ክዳኑ ላላ ይበል፤ ጠብቀው የዘጉት ብርጭቆ ይፈነዳል። ቦታው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ1 እስከ 4 ዲግሪ፣ ከበሩ ራቅ ብሎ ነው። የእርሾውን ዓይነት፣ ቀኑንና ስንተኛ ዙር እንደሆነ ክዳኑ ላይ ይጻፉ።

በሁለት ቀን ውስጥ ከላይ የጠራ ፈሳሽ፣ ከታች ክሬም የመሰለ እርሾ ይለያያሉ። የላዩን እስኪጠቀሙ ድረስ አይድፉት። አልኮሉና አሲዱ ባክቴሪያን ይከላከላሉ። ብዙዎች እርሾን በተፈላ ውኃ ማጠብን እንደ ግዴታ ያዩታል፤ እኛ አንመክረውም፤ ውኃው ይህንኑ መከላከያ አጥቦ ያወጣዋል።

በሚቀጥለው ጠመቃ ፈሳሹን ደፍተው ዝቃጩን በአዲስ 2 ሊትር ማሳደጊያ ላይ ይጨምሩና ከላይ ያለውን ይድገሙ። ከአንድ ወር በላይ የቆየ ከሆነ መጀመሪያ በ500 ሚሊ ሊትር (50 ግራም ማልት) ያነቃቁት፣ ከዚያ ወደ 2 ሊትር ያሳድጉት። ከአምስት ስድስት ዙር በኋላ በአዲስ እርሾ መጀመር ይሻላል።

ከአተላ ካልወሰድኩ የሚል ሰው ደግሞ መነሻ ጥግግቱ (ከመብላላቱ በፊት ፈሳሹ ከውኃ ጋር ሲነጻጸር ያለው ክብደት) ከ1.060 ካልበለጠና ሆፕ ካልበዛበት ቢራ ይውሰድ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከተጠቀመበት ወደ 200 ሚሊ ሊትር የሚሆን ወፍራም አተላ ለ20 ሊትር ይበቃል።

ለረጅም ጊዜ የሚያቆየው ፍሪዘር ነው፤ ግን ያለ ግሊሰሪን በረዶው የእርሾውን ሴል ይቀደዋል። ግሊሰሪንና ውኃ እኩል ቀላቅለው በፕሬዠር ኩከር 15 ደቂቃ ያምክኑ። ከቀዘቀዘ በኋላ 4 ሚሊ ሊትሩን ከ6 ሚሊ ሊትር ወፍራም እርሾ ጋር በብልቃጥ ያዋሕዱ፤ ግሊሰሪኑ 20 ከመቶ ይሆናል። አንድ ሁለት ቀን ፍሪጅ ውስጥ አሳድረው ወደ ፍሪዘር ያስገቡት። በረዶውን በራሱ የሚያቀልጥ ፍሪዘር በየጊዜው ስለሚሞቅ ብልቃጦቹን ከበረዶ ማሸጊያ ጋር በፎም ሣጥን ውስጥ ያኑሯቸው። ሲያወጡት ለብ ባለ ውኃ ቶሎ አቅልጠው በ100፣ ከዚያ በ500፣ ከዚያ በ2,000 ሚሊ ሊትር ደረጃ በደረጃ ያሳድጉት።

ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ በንጽሕና ጉድለት ነው። የቆሸሸ ዕቃ ላይ የሚረጭ አልኮል ዋጋ የለውም፤ መጀመሪያ በሳሙና ይታጠብ። አልኮሉም 70 ከመቶ ይሁን፤ 95ቱ ተህዋሱን ሳይገድል ይተናል። ሲቀዱ መስኮት ይዘጋ፣ ማራገቢያም ይጥፋ።

ደህና እርሾ የዳቦና የቢራ ሽታ አለው። ቡናማ ሆኖ የሥጋ መረቅ ወይም የጎማ ሽታ ካመጣ ሴሎቹ ሞተው ራሳቸውን እያፈራረሱ ነው። ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ወይም ባለቀለም ነጠብጣብ ከታየ ሻጋታውን ገፍፎ ከሥሩ ያለውን ማትረፍ አይሞከርም፤ ሁሉም ይደፋል። ዓይንና አፍንጫ ምንም ካላገኙ ደግሞ ከሚደፉት ፈሳሽ ጥቂት ይቅመሱ። ቀጭን፣ ጋዝ የሌለው ቢራ ቢመስል ደህና ነው፤ ከኮመጠጠ ግን እርሾውንም አብረው ይድፉት።