የሰብቨርዥን ሰርቨር ተርሚናሉ ሲዘጋ እንዳይሞት ማድረግ

ሰብቨርዥን የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ ሲስተም ነው፤ ሰርቨሩ ኤስቪኤንሰርቭ ይባላል። ኤስቪኤንሰርቭን ከተርሚናል አስነስቶ መተው ለሙከራ ይበቃል። ማሽኑ ሪስታርት ካደረገ በኋላ ግን ማንም ኮሚት ማድረግ (ለውጡን ወደ ሰርቨሩ ማስገባት) አይችልም፤ የማስነሻ ትእዛዙን የሚያውቀው ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያን ዕለት ፈቃድ ላይ ነው። ሥራውን በሊኑክስ ላይ አገልግሎቶችን ለሚያስነሣውና ለሚቆጣጠረው ፕሮግራም፣ ለሲስተምዲ ማስረከብ ይሻላል።

ሁሉም ተጠቃሚ በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የርቀት መግቢያ) በኩል የሚገባ ከሆነ እዚህ ላይ ማቆም ይቻላል። በዚያ መንገድ እያንዳንዱ ግንኙነት የራሱን ኤስቪኤንሰርቭ አስነስቶ ሲጨርስ ስለሚዘጋው ቋሚ አገልግሎት አያስፈልግም።

1. ለአገልግሎቱ ብቻ የሚውል የሲስተም ዩዘር ይፍጠሩ፤ ሎግኢን ማድረግ የማይችል ይሁን። ሪፖዎቹ (ኮዱና ታሪኩ የሚቀመጡባቸው ማከማቻዎች) የሚቀመጡበትን ፎልደር ሠርተው ባለቤትነቱን ለዚህ ዩዘር ይስጡ። ከዚያ ሪፖውን በኤስቪኤንአድሚን ክሪኤት ይፍጠሩ፤ ትእዛዙን ግን በሩት (በማሽኑ ዋና አስተዳዳሪ) ሳይሆን በሱዶ ዩዘሩን ጠርተው ያስኪዱት። በሩት የተፈጠረ ሪፖ ችግሩን ወዲያው አያሳይም። ለማንበብ የንባብ ፈቃድ ስለሚበቃ ቼክአውት (ኮዱን ከሰርቨሩ ማውረድ) በሰላም ይሠራል፤ የመጀመሪያው ኮሚት ላይ ግን በዲቢ ፎልደር ውስጥ ያለው የትራንዛክሽን መቆለፊያ ፋይል አልከፈትም ይልና ‹‹ፐርሚሽን ዲናይድ›› የሚል መልእክት ይመጣል። ይህን ለማስወገድ ብሎ ሁሉንም ፋይል 777 (ለማንም ሰው ክፍት) ማድረግ መፍትሔ አይደለም፤ የፎልደሩን ባለቤት በቾውን ከነውስጡ መቀየር በቂ ነው።

2. በሪፖው ‹‹ኮንፍ›› ፎልደር ውስጥ ያለውን የኤስቪኤንሰርቭ ማዋቀሪያ ይክፈቱ። አኖን አክሰስ ‹‹ነን››፣ ኦዝ አክሰስ ‹‹ራይት››፣ ፓስዎርድ ዲቢ ደግሞ ‹‹ፓስውድ›› ይሁኑ። የመጀመሪያውን ካልነኩት ያልታወቀ ሰው ሁሉ ማንበብ ይችላል፤ ነባሪው እንዲያ ነው። መስመሮቹ በሃሽ ምልክት ተዘግተው ይመጣሉ። ሃሹን ሲያጠፉ ከኋላው ያለውን ባዶ ቦታም ያጥፉ፤ በባዶ ቦታ የሚጀምር መስመር ያለፈው መስመር ቅጥያ ተደርጎ ስለሚነበብ ‹‹ኦፕሽን ኤክስፔክትድ›› የሚል ስሕተት ይሰጣል። በዓይን ሲታይ ፋይሉ ትክክል ስለሚመስል ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይደክማል። የይለፍ ቃሎቹ በ‹‹ፓስውድ›› ፋይል ውስጥ ሳይመሰጠሩ በግልጽ ስለሚቀመጡ ያንን ፋይል ከአገልግሎቱ ዩዘር በቀር ማንም እንዳያነበው ያድርጉ።

3. ዋናው የዩኒት ፋይሉ ነው፤ አገልግሎቱ እንዴት እንደሚነሣ ለሲስተምዲ የሚነግረው እሱ ነው። ‹‹ኢቲሲ›› ውስጥ ባለው የሲስተምዲ ‹‹ሲስተም›› ፎልደር ሥር በዶት ሰርቪስ የሚያልቅ ፋይል ይፍጠሩ። ዩዘሩን፣ ከኔትወርክ በኋላ ይነሣ የሚለውን እና ‹‹ሪስታርት›› ላይ ‹‹ኦን ፌይለር›› የሚለውን ያስገቡ። በ‹‹ኤግዜክ ስታርት›› መስመር የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ ይጻፉ። ሪፖዎቹ ያሉበትን ፎልደር የሚገልጸውን ‹‹ሩት›› የሚለውን ኦፕሽን አይዝለሉ፤ ከሌለ ፕሮግራሙ ማንበብ የሚችለው ሪፖ ሁሉ ማሽኑ ላይ የትም ይሁን የት ከውጭ ሊጠራ ይችላል።

የሚያስቸግረው ‹‹ታይፕ›› የሚለው መስመር ነው። ‹‹ዴመን›› የሚለው ኦፕሽን ፕሮግራሙን ራሱን ወደ ጀርባ ይልከዋል፤ ‹‹ፎርግራውንድ›› ደግሞ ከፊት ያቆየዋል። ታይፑ ‹‹ሲምፕል›› ሆኖ ዴመን ከጻፉ ዋናው ፕሮሰስ ልጁን ወልዶ ይወጣል፤ ሲስተምዲም ሥራው በሰላም አለቀ ብሎ የቀረውን ፕሮሰስ ይገድለዋል። ስሕተት ስላልተመዘገበ ‹‹ኦን ፌይለር›› አይቀሰቅሰውም፤ ስታተሱ ‹‹ኢንአክቲቭ›› ከማለት በቀር የሚነግርዎ የለም። በተቃራኒው ‹‹ፎርኪንግ›› ብለው ፎርግራውንድ ከሰጡት ሰርቨሩ ይነሣል፣ ኮሚትም ይቀበላል፤ ሲስተምዲ ግን ወላጁ እስኪወጣ እየጠበቀ ነው። ነባሪው የ90 ሰከንድ ገደብ ሲያልፍ ይዘጋዋል። ‹‹አንድ ደቂቃ ተኩል ይሠራና ይጠፋል›› የሚል ቅሬታ ከሰሙ ምክንያቱን እዚህ ይፈልጉ።

ስለዚህ ሲምፕልን ከፎርግራውንድ ጋር ያጣምሩ። ፎርኪንግን ከፒድ ፋይል (የፕሮሰሱ ቁጥር ከሚጻፍበት ፋይል) ጋር መጠቀምም ይቻላል፤ ያለ ጥቅም የሚጠበቅ አንድ ፋይል መጨመር ነው እንጂ።

በመጨረሻ በ‹‹ኢንስቶል›› ክፍል ‹‹ወንትድ ባይ›› ላይ መልቲዩዘር ታርጌትን ይጻፉ፤ ካልሆነ ማሽኑ ሲነሣ አገልግሎቱን የሚጠራው የለም።

4. በሲስተምሲቲኤል ዴመን ሪሎድ አድርገው፣ ኢኔብልን ከ‹‹ናው›› ኦፕሽን ጋር ይስጡ። ኢኔብል ብቻውን ለሚቀጥለው ቡት እንጂ ለአሁኑ አያስነሣም። ዩኒት ፋይሉን በነኩ ቁጥር ዴመን ሪሎድ ያስፈልጋል፤ የሪፖውን የይለፍ ቃል ፋይል ሲቀይሩ ግን ሪስታርት እንኳ አያስፈልግም።

5. ስታተሱን ይዩ። ካልተነሣና ኮዱ 203 ከሆነ የፕሮግራሙ አድራሻ ተሳስቷል ወይም ፋይሉ አይሮጥም፤ 217 ከሆነ የጻፉት ዩዘር የለም። ሌላውን የሲስተምዲ መዝገብ ማሳያው ጆርናልሲቲኤል ይነግርዎታል። አገልግሎቱ ‹‹አክቲቭ›› እያለ ከሌላ ማሽን የማይገኝ ከሆነ ፋየርዎሉ ላይ የቲሲፒ ፖርት 3690ን ይክፈቱ። ለውስጥ ኔትወርክ ብቻ ይክፈቱት፤ ኤስኤኤስኤል (ማንነት ማረጋገጫና ማመስጠሪያ ላይብረሪ) ካልተዋቀረ በመስመሩ ላይ የሚያልፈው ኮድ አይመሰጠርም።

ባክአፕ ለመውሰድ አገልግሎቱን ማቆም አያስፈልግም። ኮሚት እየገባ ፎልደሩን በሲፒ መቅዳት ግን ግማሽ የተጻፈ ሪፖ ሊሰጥ ስለሚችል፣ በኤስቪኤንአድሚን ሆትኮፒ ይቅዱ፤ እሱንም በዚያው ዩዘር።