የታሪክ ልቦለድ ለወጣቶች ለምትጽፉ፦ ከምንጩ ጀምሩ

ለአሥራዎቹ ዕድሜ ልጆች ታሪካዊ ልቦለድ ለመጻፍ ያሰባችሁ፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ከንጉሡ ድንኳን አትጀምሩ። ስለ ዓድዋ የምትጽፉ ከሆነ የካቲት 23 ቀን 1888ን ለኋላ አቆዩትና መጀመሪያ ወደ ጥር፣ ወደ መቀሌ ውሰዱን። ጣሊያኖቹ እንዳ ኢየሱስ ምሽግ ውስጥ ናቸው፤ የሚጠጡት ውሃ ግን ከምሽጉ ውጭ ነው፣ እቴጌ ጣይቱም ምንጩን አስያዙባቸው።

አሁን አንድ የ14 ዓመት ልጅ በሌሊት ምንጩ ዳር አስቀምጡ። ብርዱ አጥንቱ ድረስ ገብቷል፣ በሶው አልቋል፣ ከወደ ምሽጉ ደግሞ ኮቴ ይሰማል። የመጣው ሰው ተጠምቶ ነው። ይጩህ ወይስ ዝም ይበል? አንባቢውን ቀፍድዶ የሚይዘው ይሄ ነው፤ የጄኔራሎቹን ስም በኋላ ራሱ ፈልጎ ያነበዋል።

ደግሞ ምን እንደያዘ አስቡበት። የወረቀት ብር ገና አልነበረም፣ ስለዚህ ገበያ ከላካችሁት አሞሌ ጨው ወይም ጠገራ ብር አስይዙት። ንግግሩ ላይ ግን፣ እባካችሁ፣ ጥንታዊ ቃል አታብዙ። ልጆች መጽሐፉን የሚዘጉት እዚያ ላይ ነው።