የሳል ሽሮፕ ስትገዙ «ሰፕረሰንት» የሚለውን ቃል ለዩት

አሜሪካ ላላችሁ፣ በተለይ በቅርብ ለመጣችሁ፣ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ላስታውሳችሁ። «ሰፕረስ» ይባላል፤ ማፈን፣ መግታት ማለት ነው። ዜና ላይ ተቃውሞ ታፈነ ሲባል ትሰሙታላችሁ። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ፋርማሲ ውስጥ ያለው ነው።

ሽሮፑ ላይ «ኮፍ ሰፕረሰንት» ከተባለ፣ መድኃኒቱ ሳሉን ይገታል እንጂ ያመጣውን በሽታ አያድንም። ብዙ ጊዜ ውስጡ ያለው ዴክስትሮሜቶርፋን ነው። ከመድኃኒቱ ስም ጎን «ዲኤም» የሚሉት ሁለት ፊደላትም እሱን ነው የሚያመለክቱት። እንቅልፍ ለሚነሳ ደረቅ ሳል ይጠቅማል። አክታ ካለው ግን ሳሉ አክታውን እያወጣላችሁ ስለሆነ ባትገቱት ይሻላል። ያኔ «ኤክስፔክቶራንት» የሚለውን ፈልጉ፤ ጓይፈነሲን የሚባለው ነው፣ አክታውን ያቀጥነዋል። ሁለቱንም አንድ ላይ የያዙ ስላሉ የጀርባውን ጽሑፍ ሳታነቡ አትግዙ።

የድብርት መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች፣ እባካችሁ ፋርማሲስቱን ሳትጠይቁ «ዲኤም» ያለበትን አትውሰዱ። ከአንዳንዶቹ ጋር ሲደባለቅ አደገኛ ነው። ከ4 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆችም አትስጡ።

ይኸው ቃል በኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት ላይም ይመጣል። «ቫይራል ሎድ» በደም ውስጥ ያለው የቫይረሱ መጠን ነው። «ቫይራል ሎድ ሰፕረስድ» ከተባላችሁ ደስ የሚል ዜና ነው፤ ቫይረሱ በመድኃኒቱ ተገትቷል። ከሰውነት ጨርሶ ጠፍቷል ማለት ስላልሆነ ግን መድኃኒቱን እንዳታቋርጡ።