ቺንጋው የቀለጠ ተንቀሳቃሽ ፍሎፒ ድራይቭ እንዴት ይጠገናል?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠራ ተንቀሳቃሽ ባለ 3.5 ኢንች ፍሎፒ ድራይቭ አልሠራ ሲል ብዙ ጊዜ ያረጀው ጎማው ነው፤ ቦርዱ ደህና ሊሆን ይችላል። ለቲአርኤስ-80 ሞዴል 100 ላፕቶፕ ይሸጥ የነበረው የታንዲ ድራይቭና የብራዘር ሹራብ መሥሪያ ማሽኖች የሚጠቀሙበት መንትያው ኤፍቢ-100 ጥሩ ምሳሌ ናቸው። ሁለቱም የብራዘር ሥራ ናቸው፣ ሁለቱም ዲስኩን የሚያዞሩት በቺንጋ፣ ማለት ከሞተሩ ዙሩን በሚያስተላልፍ የጎማ ቀበቶ ነው። ያ ቺንጋ ከዓመታት በኋላ ወይ ይላላል ወይ ቀልጦ ሬንጅ ይሆናል። ስለዚህ ካውያ ከማሞቃችሁ በፊት ካቻቢቴ አንሡ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ ሌላ ቅጂ የሌለውን ዲስክ ወደዚህ ድራይቭ አታስገቡ። ለሙከራ ቢቧጨርም የማይቆጭ ዲስክ ይኑራችሁ።

ድራይቩን አብሩ፣ የንባብ ትእዛዝ ስጡና አዳምጡ። ሞተሩ እያጉረመረመ ዲስኩ ካልዞረ ችግሩ ቺንጋው ነው። ዲስኩ እየዞረ ንባቡ ከተሳሳተ ሄዱ (ዲስኩን የሚያነበውና የሚጽፍበት ክፍል) ቆሽሿል ወይም ቺንጋው እየተንሸራተተ ነው። ጭራሽ ዝም ካለ ወደ ኃይሉ ሂዱ።

የታንዲው ድራይቭ የሚሠራው በ6 ቮልት ነው። ባትሪው ሥራ ፈትቶ ሳለ 6 ቮልት ማሳየቱ ብቻውን ምንም አይነግራችሁም፤ ሞተሩ ሲነሣ ለኩት። የደከመ ባትሪ ያኔ ይወድቃል። አዳፕተር የምትሰኩ ከሆነ ፖዘቲቩ መሀል ይሁን ዳር መጀመሪያ ምልክቱን አንብቡ። በዚያ ዘመን ኔጌቲቩ መሀል የሆነ አዳፕተር ብርቅ ስላልነበር፣ የዛሬውን በልማድ የሰካ ሰው ቦርዱን ያቃጥላል። አልካላይን ባትሪ ፈስሶ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዝቃጭ ከተወ በትንሽ ኮምጣጤ በነከረ ጥጥ ጥረጉት፣ ቀጥሎ በተጣራ ውኃ፣ መጨረሻ በአልኮል፤ እስኪደርቅ ኃይል አትስጡት።

ሲፈታ የብሎኖቹ ርዝመት ሊለያይ ስለሚችል እንደ አወጣጣቸው ወረቀት ላይ ደርድሯቸው። ጠፍጣፋው ኬብል ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ከታጠፈ ይሰበራል።

አሁን ቺንጋው። ከቀለጠ ጥቁር ሙጫ ሆኖ ፑሌጃው (ቺንጋው የሚጠመጠምበት መዘውር) ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ፤ ሲነኩት ክር ይመዝዛል፣ ጣት ላይ ከያዘ በሳሙና አይለቅም። ጓንት አድርጉ። አልኮል አታፍስሱበት፣ ሙጫውን አቅጥኖ ወደ ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ውስጥ ያስገባዋል። መጀመሪያ በእንጨት ስንጥር ጠርጋችሁ አንሡት፣ ቀሪውን ቢያንስ 90 በመቶ በሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በነከረ ጥጥ አጽዱት፤ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪመለስ ቀይሩ። ፑሌጃው ላይ የቀረች ስስ ሽፋን እንኳ የአዲሱን ቺንጋ ፍጥነት ታወላውላለች። በዚያ ጓንት ሄዱን አትንኩ።

የአዲሱን ልክ ለማግኘት ቺንጋው የሚሄድበትን መንገድ በማይለጠጥ ክር ዙሩበትና ለኩ፤ ከዚያ ከ5 እስከ 10 በመቶ ቀንሱ። ክሩ 240 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከ216 እስከ 228 ያለው ይስማማል። በጣም የጠበቀ ሞተሩን ያደክማል፣ ቡሹንም ይበላል። ወርዱና ውፍረቱ ከድሮው ጋር ይመሳሰል፤ ጠፍጣፋ ከነበረ ክብ ቺንጋ አትተኩበት። ሲገባ እንዳይጣመም አይታችሁ ፑሌጃውን በእጅ አሥር ዙር አዙሩት። ወደ ዳር ከሸሸ ወይ ተጣሟል ወይ ሙጫ ቀርቷል።

ፍጥነታቸው በደቂቃ 300 ዙር በሆኑ ድራይቮች ላይ ቀላል መፈተሻ አለ፦ 20 እኩል መስመሮች የተሠመሩበት ክብ ወረቀት በሚዞረው ክፍል ላይ ለጥፉና በ50 ኸርዝ መብራት ሥር እዩት። መብራቱ በሴኮንድ 100 ጊዜ ስለሚርገበገብ ፍጥነቱ ልክ ሲሆን መስመሮቹ የቆሙ ይመስላሉ። በ60 ኸርዝ 24 መስመር ነው። ብዙ ኤልኢዲ አምፖሎች ስለማይርገበገቡ ለዚህ አይሆኑም።

ሄዱን በአልኮል በረጠበ፣ ክር በማይጥል ጥጥ በቀስታ አጽዱ። በአንድ ገጽ ብቻ በሚያነቡ ድራይቮች ከሄዱ ትይዩ ዲስኩን የምትጫን ትንሽ የሱፍ ትራስ አለች። ይህችን በአልኮል አታርሷት። ከደደረች ወይም ከወደቀች በዚያው ውፍረት ከስስ ሱፍ ቆርጣችሁ ተኩ፤ ያለ እርሷ ዲስኩ ከሄዱ ስለሚርቅ ንባቡ ይቆራረጣል። ክንዱን ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ከፍ አድርጉ፣ ሞላው ከታጠፈ አይመለስም።

ሄዱ የሚንሸራተትበት ሐዲድ ላይ የደረቀውን ግራሶ ጥረጉና እጅግ ትንሽ አዲስ ቀቡ። ሄዱን ደረጃ በደረጃ የሚያንቀሳቅሰውን የስቴፐር ሞተርና የመነሻ ትራኩን (ዲስኩ ላይ መረጃ የሚጻፍበትን የመጀመሪያ ቀለበት) የሚለየውን ሴንሰር ብሎኖች ግን አትንኩ። እነሱ ከተነቃነቁ ድራይቩ ራሱ የጻፈውን ያነባል፣ ሌላው የጻፈውን አያነብም፤ ይህን ማስተካከል ከቺንጋ መቀየር እጅግ የከበደ ሥራ ነው።

ቦርዱ ላይ ያበጠ ወይም ሥሩ የረጠበ ካፓሲተር ካለ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይም የሚበልጥ ተኩ። አቅጣጫውን ሳትፈቱ ፎቶ አንሡ።

ዲስኩ ደብል ዴንሲቲ መሆን አለበት፤ ከጽሑፍ መከላከያው ትይዩ ሁለተኛ ቀዳዳ ያለው ሃይ ዴንሲቲ ነው። ቀዳዳውን በፕላስተር መሸፈን የዲስኩን የማግኔት ሽፋን አይለውጠውም። መዝጊያውን ገፋ አድርጋችሁ ዲስኩን በብርሃን እያዞራችሁ እዩ፦ ነጭ ነጠብጣብ ሻጋታ ነው፣ ሄዱን ያቆሽሻል፤ የቆሸሸው ሄድ ደግሞ ቀጣዩን ዲስክ ቀለበት ሠርቶ ይቧጭራል።

የታንዲው ዲስክ 40 ትራክ፣ በየትራኩ ባለ 1280 ባይት ሁለት ሴክተር (የትራክ ክፍልፋይ) ነው፤ ሲደመር 102,400 ባይት። ተራ የኮምፒውተር ድራይቭ ይህን ስለማያነብ እዚያ ውስጥ ከትቶ «ተበላሽቷል» ማለት አይቻልም። ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኘው በሲሪያል ነው፣ በሴኮንድ 19200 ቢት ፍጥነት።

ሲገጠም የሙከራ ዲስኩን ፎርማት አድርጉ፣ ፋይል ጻፉ፣ አጥፍታችሁ አብሩና አንብቡ። ከዚያ ዲስኩን አውጥታችሁ አዲስ የቀለበት ጭረት እንደሌለው እዩ። ከሌለ የምትሳሱለትን ዲስክ የጽሑፍ መከላከያ ቀዳዳ ክፈቱ፣ አስገቡት፣ በመጀመሪያው ንባብ ቅጂውን ውሰዱ።