የጨጓራ መድኃኒትን በአግባቡ መውሰድ፦ ከምርመራ እስከ ማረጋገጫ

ጨጓራ ሲያቃጥል ብዙዎቻችን ቀድመን የምንሄደው ፋርማሲ ነው። «የጨጓራ መድኃኒት» ተብሎ የሚሰጠንም አብዛኛውን ጊዜ ኦሜፕራዞል ወይም የሚታኘክ አንታሲድ ነው። ሁለቱም ያስታግሳሉ። አሲድን መቀነስ ግን ቁስለቱን ያመጣውን ነገር ከማጥፋት ይለያል። ህመሙ እየሄደ እየመጣ ዓመታት ከቆየብዎ፣ ምናልባት እስካሁን የተሠራው የመጀመሪያው ሥራ ብቻ ነው።

1. መንስኤውን ይለዩ

የጨጓራና የትንሹ አንጀት ቁስለት ዋና መንስኤዎች ሁለት ናቸው፦ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ እና እንደ ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ ማስታገሻዎች። በርበሬ፣ ቡና ወይም ጭንቀት ህመሙን ሊቀሰቅሱ ይችላሉ፤ ጥፋቱን ሁሉ በእነሱ ላይ መጫን ግን ድሮ የቀረ ነገር ነው። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል በ1984 እ.ኤ.አ. ባክቴሪያውን ራሱ ጠጥቶ ጨጓራው ተቆጣ፤ እሱና ሮቢን ዋረን በ2005 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ባክቴሪያ ግኝት ነው።

ስለዚህ ለሐኪሙ በመጀመሪያ የሚነግሩት ለወገብ፣ ለጉልበት ወይም ለራስ ምታት የሚወስዱትን መድኃኒት ይሁን። «እኔ ዲክሎፌናክን በመርፌ ነው የምወስደው፣ ጨጓራዬን አይነካም» የሚባለው ስህተት ነው፤ ጉዳቱ በደም በኩልም ይደርሳል። ለቀላል ህመም ፓራሲታሞል ይሻላል። ለልብ ተብሎ የታዘዘ አስፕሪን ከሆነ ግን ሐኪሙን ሳይጠይቁ አያቁሙ።

2. ትክክለኛውን ምርመራ ያድርጉ

የሰገራ የአንቲጅን ምርመራ (የባክቴሪያውን ቅንጣት በሰገራ ውስጥ የሚፈልግ) ወይም፣ ከተገኘ፣ የትንፋሽ ምርመራ ይጠይቁ። ከዚያ በፊት ኦሜፕራዞል ለ2 ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ደግሞ ለ4 ሳምንት መቆም አለበት፤ አለበለዚያ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊባል ይችላል። የደም ምርመራው የሚያሳየው ሰውነት ባክቴሪያውን ለመከላከል የሠራውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ደግሞ ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላም ለረጅም ጊዜ በደም ውስጥ ይቆያል። የዳነ ሰው በደም ውጤት ብቻ «አሁንም አለብህ» ተብሎ ያንኑ መድኃኒት ደግሞ ደጋግሞ ሲውጥ ማየት ያሳዝናል።

ክብደት ከቀነሱ፣ ምግብ ለመዋጥ ከተቸገሩ ወይም የደም ማነስ ካለብዎ ወደ ኢንዶስኮፒ (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ጨጓራን ማየት) መሄድ እንጂ መድኃኒት መሞከር አይበቃም።

3. የታዘዘውን ይቁጠሩ

የተለመደው ሕክምና ሦስት መድኃኒቶችን ያጣምራል፦ ኦሜፕራዞል 20 ሚሊግራም፣ አሞክሲሲሊን 1 ግራም እና ክላሪትሮማይሲን 500 ሚሊግራም፣ ሁሉም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ ለ14 ቀን። አሞክሲሲሊኑ ባለ 500 ከሆነ በአንድ ጊዜ ሁለት ፍሬ ይዋጣል፤ ስለዚህ ለ14 ቀን 56 ፍሬ ያስፈልጋል፤ ከሌሎቹ ደግሞ 28፣ 28። ከፋርማሲው ሳይወጡ ይቁጠሩት።

ፔኒሲሊን የማይስማማዎ ከሆነ አሞክሲሲሊንም አይስማማዎትም፤ ሐኪሙ ሌላ ያዛል። እርጉዝ ወይም የምታጠባ እናት፣ እንዲሁም የደም ማቅጠኛ፣ የኮሌስትሮል ወይም የልብ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይህንን አስቀድሞ መናገር አለበት፤ ክላሪትሮማይሲን ከብዙዎቹ ጋር ይጋጫል።

4. ሰዓቱን ያስተካክሉ

ኦሜፕራዞል ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት ይወሰዳል። አሲድ የሚያመነጩት የጨጓራ ሴሎች የሚነቁት ሲበሉ ስለሆነ መድኃኒቱ ቀድሞ መድረስ ይኖርበታል። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ኦሜፕራዞሉን ውጠው፣ 1 ሰዓት ላይ ቁርስ በልተው፣ አንቲባዮቲኮቹን (አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲንን) ከምግቡ ጋር ይውሰዱ፤ ማታም እንዲሁ። የኦሜፕራዞሉን እንክብል አያኝኩት። አንታሲድ ካስፈለገዎ ከሌሎቹ ቢያንስ በ2 ሰዓት ያርቁት። ተልባም የሚያስታግሰው ሰው አለ፤ ባክቴሪያውን ግን አይገድልም።

ጾም ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ሁለቱን መጠን ከሰዓት በኋላና ማታ ላይ ካጠጋጋቸው፣ ከማታው እስከ ቀጣዩ ቀን ያለው ባዶ ጊዜ ይረዝማል። ሐኪሙ መዘግየቱ አይጎዳም ካለ ሕክምናውን ከፋሲካ በኋላ መጀመር፣ ካልሆነ ከንስሐ አባት ጋር ተነጋግሮ የጠዋቱን መውሰድ ይሻላል። በረመዳን ግን ኢፍጣርና ሱሑር ለሁለት ጊዜ መድኃኒት ይመቻሉ፦ በኦሜፕራዞልና በውሃ ማፍጠር፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ መብላት።

5. መሃል ላይ አያቋርጡ

መድኃኒቶቹን ሲወስዱ አፍ ይመርራል፣ ሆድ ይላላል፣ ማቅለሽለሽ አለ። የሚቻል ከሆነ ይታገሱት። ሽፍታ፣ የፊት እብጠት ወይም የትንፋሽ መቆራረጥ ከመጣ ግን ያቁሙና ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ከመድኃኒቶቹ መካከል ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ካለ ጠላም፣ ጠጅም፣ አረቄም አይቀመስም፤ ከጨረሱ በኋላም ለ3 ቀን።

በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ማቃጠሉ ስለሚቀንስ ብዙ ሰው የቀረውን መሳቢያ ውስጥ ይተዋል። ያሻለው አሲዱ ስለቀነሰ ነው። የተረፈው ባክቴሪያ መድኃኒቱን ይለማመዳል፤ ቀጣዩ ዙር የሚከብደውም በዚህ ምክንያት ነው።

6. መጥፋቱን ያረጋግጡ

አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ኦሜፕራዞል ካቆሙ 2 ሳምንት ሲሞላ፣ የሰገራ ወይም የትንፋሽ ምርመራውን ይድገሙ። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ኦሜፕራዞል ሲቆም አሲዱ ለተወሰነ ጊዜ ያይላል፤ ያ ብቻውን ባክቴሪያው ተመልሷል ማለት አይደለም።

ውጤቱ አሁንም «አለ» ካለ፣ የወሰዱትን የሁሉንም ስም ጽፈው ይሂዱ፤ ሐኪሙ ክላሪትሮማይሲንን አይደግምም። ቢስመዝ የተባለ መድኃኒት ያለበት ሕክምና ሊታዘዝ ይችላል፤ ቢስመዝ ምላስንና ሰገራን ያጠቁራል፣ ይህም አያሰጋም። እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ጥቁር ሰገራ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ትውከት፣ ወይም በድንገት ሆድን የሚሰነጥቅ ህመም ከመጣ ግን ቢስመዝ ይውሰዱ አይውሰዱ፣ በሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።